ፊቱ ለልጁ፣ ጀርባው ለወላጁ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ልጆችን የሚያዝናኑ ሰዎች ሥራቸውን ስለሚያስተዋውቁበት ፖስት ካርድ። እኔ ይህን አምድ ከመያዜ በፊት 14 ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ደንበኞች ያመጡትን ፋይል ተቀብሎ ለማሽን ማዘጋጀት ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ በእጄ ብዙ አልፏል። ስለዚህ ዛሬ አምዱን ሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በልጆች ልደትና በትምህርት ቤት ዝግጅቶች ላይ የአሻንጉሊት ትርኢት ማቅረብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የልጆች ፊት ላይ ስዕል እስላለሁ፤ ፊኛ እያጠማዘዝኩ ውሻና ቀጭኔ እሠራለሁ። እስካሁን ሥራ የማገኘው በሰው በሰው ነው። አሁን ግን ፖስት ካርድ ላሳትም አስቤያለሁ። ንድፉን ራሴ ሠርቼ ልኬልዎታለሁ። ስድስት ፎቶ አለው፤ አሥራ አንዱንም አገልግሎቶቼን ዘርዝሬበታለሁ። ጓደኞቼ «ያምራል» ይሉኛል። ግን አንዳቸውም ከአምስት ሴኮንድ በላይ አላዩትም። ምን ጎድሎት ነው? (አሻንጉሊት አጫዋቿ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ የማውቅሽ ያህል ተሰማኝ።

ካርድሽ የጎደለው ነገር የለም። በዝቶበት ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትሠሪው ስክሪኑን ሞልቶ ስለሚታይሽ ሰፊ ይመስላል። እኔ በትክክለኛ መጠኑ አትሜ ቆረጥኩት። ካርድሽ ኤ6 የሚባለው መጠን ነው፤ 105 በ148 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስድስቱ ፎቶ እዚያ ላይ ሲደረደር እያንዳንዱ ጉርድ ፎቶ አከለ። አሥራ አንዱ አገልግሎት ደግሞ ዓይን የሚያስጨንቅ ደቃቅ ጽሑፍ ሆነ። የጓደኞችሽ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ነው።

ከታች ግራ ጥግ ላይ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ያለች አንዲት አህያ አለች። አንድ ጆሮዋ ሰማያዊ ጨርቅ ተጥፎበታል። ዓይኖቿ ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ይተልቃል። ካሜራውን ፊት ለፊት ታያለች። እሷን ካየሁ በኋላ ሌላው ፎቶ ሁሉ ጠፋኝ። ካርድሽ እሷ ናት። የካርዱን ፊት ሙሉ ለእሷ ስጪና አምስቱን አውጫቸው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ስልክ የሚደውልልሽ ወላጅ ነው። ካርዱን ከእጅሽ የሚቀበለውና ይዞት ቤት የሚገባው ግን ልጁ ነው። ልጅ ዝርዝር አያነብም፤ የሚያየውን ዓይን ይፈልጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው። ፊቱ የልጁ ነው፤ ጀርባው የወላጁ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ለማስደሰት ስትሞክሪ ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ።

ትልቁ ፎቶሽ ራስሽን ነው የሚያሳየው። ፊትሽን ነጭና ቀይ ተቀብተሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ እየሳቅሽ፣ በጣም ከቅርብ የተነሳ ነው። ፎቶው ጥሩ ነው፤ ለካርዱ ግን አልመክረውም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ካርድ ይዤ ቤት ገባሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ካርዱን አየችውና ምንም ሳትናገር ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ መጣችና አሁንም እንደተገለበጠ መሆኑን አረጋገጠች። ያቺን ልጅ አልረሳኋትም። ከቅርብ የሚታይ የተቀባ ፊት ብዙ ትንንሽ ልጆችን ያስፈራል። በአካል ስትኖሪ ድምፅሽና እንቅስቃሴሽ ያረጋጋቸዋል። ካርድ ላይ ግን ድምፅ የለም።

ፊቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እሱንም አህያዋ ትበለው። አንቺ «ልደትሽን ከእኛ ጋር አክብሪ!» ብለሻል። ካርዱ ወንድ ልጅ እጅ ሲገባስ? አማርኛ አፋችንን ስንከፍት ወንድ ወይስ ሴት ብሎ ያስመርጠናል። «ልደትህ/ሽ» ብሎ በሰረዝ መክፈል ደግሞ ቅጽ ሙሉ የተባለ ያስመስለዋል። እኔ ብሆን «ዛሬ የማን ልደት ነው?» እል ነበር። ማንንም አይለይም። ጥያቄ ስለሆነ ደግሞ ልጁ ዝም አይልም። «የኔ!» ይላል፤ ልደቱ ገና ስድስት ወር ቢቀረውም። ጀርባው ላይ ለወላጅ ስትጽፊ «ይደውሉልን» ካልሽ አክብሮትም አለው፣ ለእናትም ለአባትም ይሆናል።

ወደ ጀርባው እንምጣ። ወላጅ ካርዱን ሲገለብጥ ጭንቅላቱ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ስንት ዓመት ለሆናቸው ልጆች ነው? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? የሚመጣው ማን ነው? በምን ላግኛት? እነዚህን በአጭር በአጭሩ መልሺ። «ከ3 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ 40 ደቂቃ፣ አንድ ሳሎን ይበቃል» ዓይነት። ከአሥራ አንዱ አገልግሎት ሦስቱን አስቀሪ፤ ትርኢቱን፣ የፊት ስዕሉንና ፊኛውን። የድምፅ ማጉያ ኪራዩና የአዳራሽ ማስዋቡ ሲደወልልሽ ይነገራል። የራስሽ ፎቶ የሚገባው እዚህ ነው። ያልተቀባ ፊትሽ፣ አህያዋን እጅሽ ላይ አድርገሽ፣ ትንሽ ሆኖ። ወላጅ ቤቱ የሚያስገባውን ሰው ማየት ይፈልጋል። ዋጋ አትጻፊ። ጥሩ ካርድ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ዋጋሽ ግን ያን ያህል ላይቆይ ይችላል።

ስልክ ቁጥሩን ከስምሽ እኩል አተልቂው፤ አሃዞቹን በሁለት በሁለት ወይም በሦስት በሦስት ከፋፍይው። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ለአንድ የምትሃት ትርኢት አቅራቢ 2,000 ካርድ አዘጋጀሁ። ቁጥሩን ስክሪን ላይ ሦስት ጊዜ አይቼው ነበር። ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ታተሙ። ዓይን ይገኛል ብሎ የሚጠብቀውን ነው የሚያነበው። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ካርዱን ሲያድል ሰንብቶ ስልኩ አንዴም ሳይጮህ ሲቀር ነው የነቃው። ሁሉንም እንደገና አሳተምንለት፤ የሄደው ሳምንት ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ናሙናው ሲወጣ ከወረቀቱ ላይ እያነበብኩ እደውላለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ስልክሽ ካልጮኸ አይታተም።

ኪው አር ኮድ ጨምረሻል፤ ጥሩ ነው። ግን ቢጫ አድርገሽዋል። የስልክ ካሜራ የሚፈልገው የጠቆረና የነጣ ልዩነት ነው። ጥቁር ወይም በጣም ጥቁር ሰማያዊ በነጭ ላይ ይሁን። ጎኑ ከ2 ሳንቲሜትር አይነስ። ዙሪያውን ከኮዱ ትንንሽ ካሬዎች የአራቱን ያህል ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይተውለት። አንቺ ኮከቦች በትነሽበታል፤ ለዚህ ነው በእኔ ስልክ እምቢ ያለው። ከታተመው ናሙና ላይ በሁለት ስልክ ሞክሪው፤ አንዱ አሮጌ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ከጀርባው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ለልጁ መልሺለት። የአህያዋን ሥዕል በመስመር ብቻ ሳዪበት፤ ልጁ ራሱ ቀለም ይቀባው። ይህን ያደረጉ ደንበኞቼ ካርዳቸው ቶሎ እንደማይጣል ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ልጅ የቀባውን ነገር ማን ይጥላል? ነገር ግን ወረቀቱ ሊቀበለው ይገባል። አንቺ ሁለቱንም ገጽ አብረቅራቂ ላሚኔት ልታደርጊ አስበሻል። አብረቅራቂ ፕላስቲክ ላይ እርሳስ ይንሸራተታል፤ እስክሪብቶም ይደበዝዛል። ፊቱን ብቻ ላሚኔት አስደርጊ፤ ጀርባው ያልተሸፈነ ወረቀት ይሁን። ቀጠሮ ስትይዢም ቀንና ሰዓቱን እዚያው በእጅሽ ትጽፊያለሽ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 350 ግራም የሚመዝን ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከሳሳ ልጅ እጅ ላይ ቶሎ ይታጠፋል።

ጀርባው ላይ የቴምብር ሳጥንና የአድራሻ መስመሮች ስለሳልሽ አንድ ነገር ላንሳ። ፖስት ካርድ መጀመሪያ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በኦስትሪያ ሃንጋሪ ነው። ያኔ ሥዕል አልነበረውም፤ አንዱ ገጽ ለአድራሻ ብቻ የተተወ ነበር። ጀርባውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለመልእክት፣ ግማሹን ለአድራሻ ማድረግ በእንግሊዝ የተፈቀደው በዚያው አቆጣጠር በ1902 ነው። ያ መስመር የመጣው ከፖስታ ሥራ ነው ማለት ነው። ካርድሽን በፖስታ የምትልኪው ከሆነ መስመሩ ያስፈልግሻል፤ መጠኑንና ባዶ የሚተወውን ቦታ አስቀድመሽ ፖስታ ቤት ጠይቂ። በእጅ የምታድዪው ከሆነ ግን ሳጥኑን አጥፊው። ቦታው ለአህያዋ ይሁን።

ስለ ቀለሙም ልንገርሽ፤ ያ የሚያበራ አረንጓዴ መደብ እንዳያሳዝንሽ እፈራለሁ። ስክሪን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይቀላቅላል። ማሽን ግን ወረቀት ላይ አራት ቀለም ነው የሚጥለው፤ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ደማቅ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር። በእነዚህ ያንን አረንጓዴ ማምጣት አይቻልም። ደብዝዞ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ ማተሚያ ቤቱን ይቆጣል። ፋይልሽን ገና ከመጀመሪያው ወደ አራቱ ቀለም ቀይረሽ እዪው፤ የሚሆነውን ያኔውኑ ታውቂዋለሽ። መደቡን ቢጫ ብታደርጊው ደስ ይለኛል። ቢጫ ራሱ ከአራቱ አንዱ ስለሆነ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የአህያዋ ሰማያዊ ጆሮ ደግሞ ወደ ሐምራዊ እንዳይሄድብሽ ማጀንታውን ያዝ አድርጊው። ሲያን 100 በመቶ ከሆነ ማጀንታ ከ70 በመቶ አይለፍ።

መቁረጫ ማሽን ደርቦ ሲቆርጥ ትንሽ መንሸራተቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ማተሚያ ቤቶች በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ የሚጠይቁሽ፤ እነሱ ብሊድ ይሉታል። ስለዚህ ፋይልሽ 111 በ154 ሚሊሜትር ይሆናል፤ መደቡም እስከዚያ ይድረስ። ጽሑፍ ግን ከሚቆረጠው መስመር 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። የአህያዋ ጆሮ ወይ በደንብ ይቆረጥ፣ ወይ በደንብ ውስጥ ይሁን። ጫፉን ነክቶ ብቻ የቆመ ጆሮ በስህተት የተቆረጠ ይመስላል። ፎቶዋንም እንደገና አንሺያት፤ በመስኮት ብርሃን፣ ከአህያዋ ዓይን ትክክል ሆነሽ። ለጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። ይህ ለአንቺ ፋይል ወደ 1311 በ1819 ፒክስል ነው። ዛሬ ብዙ ስልኮች ከዚያ በላይ ያነሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ፎቶው በመልእክት መላኪያ ሲላክ ተጨምቆ ሲያንስ ነው። እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው።

ጥያቄ፦ በአየር የሚነፋ የልጆች መዝለያ አከራያለሁ። ባለፈው ዓመት ልደቶች ላይ ያነሳኋቸው ልጆች ሲዘሉ የሚያሳዩ በጣም ቆንጆ ፎቶዎች አሉኝ። ካርዴ ላይ ልጠቀምባቸው? ደግሞ ልጆች ስለሚወዷቸው ከኢንተርኔት ያወረድኳቸውን የካርቱን ገጸ ባሕርያት ጎን ላይ አደርጋለሁ። (የመዝለያው ባለቤት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሁለቱም መልሴ «አይሆንም» ነው። የመጀመሪያው ግን መፍትሔ አለው።

ወላጆቹ ፎቶ ስታነሳ ፈገግ ብለው አይተውህ ይሆናል። ይህ ግን የልጃቸው ፊት ሺህ ካርድ ላይ እንዲወጣ ፈቅደዋል ማለት አይደለም። ፎቶው የትና ለምን እንደሚውል የሚገልጽ አጭር ወረቀት አዘጋጅና ወላጁ ይፈርምበት። አንዱን ቅጂ ለእሱ ስጠው። «አይ» ካለህ ምክንያት አትጠይቀው። ከአባትና እናት አንዱ ልጁ የት እንዳለ እንዳይታወቅ የሚፈልግበት ከባድ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ አንተ አታውቀውም። የፈቀደልህም ቢሆን የልጁን ስም አትጻፍ። የትምህርት ቤት መለያ የለበሰ ልጅ ፎቶም ይቅርብህ።

ደግሞ ፊት የግድ አያስፈልግህም። የዝላይ ደስታ እግር ላይም ይታያል። ከላክህልኝ ፎቶዎች ሁሉ የወደድኩት መዝለያው በር ላይ የተከመሩትን አሥር ጥንድ ትንንሽ ጫማዎች ነው። ማንነታቸው አይታወቅም፤ ደስታቸው ግን ይሰማል። እሱን ፊቱ ላይ አድርገው።

ካርቱኖቹን አውጣቸው። የቅጂ መብትና የንግድ ምልክት ባለቤት አላቸው፤ ኢንተርኔት ላይ መገኘታቸው የአንተ አያደርጋቸውም። ሌላም ጉዳት አለው። ልጁ ካርዱን አይቶ ገጸ ባሕርይው ራሱ የሚመጣ ይመስለዋል። በልደቱ ቀን በር በሩን ሲያይ የሚውል ልጅ እንዲኖር አንፈልግም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በልጆች ዝግጅት ላይ ተረት እተርካለሁ። ልጄ በኮምፒውተር ካርድ ሠራልኝ። ስናሳትመው ግማሹ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ሐምራዊ ላይ በነጭ የተጻፈው ደግሞ ተደፍኖ አይነበብም። ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ደህና ነበር። (ተራኪው)

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎ ብዙም አላጠፋም። ሳጥኑ የሚመጣው የተጠቀመበት ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርጎ ፎንቱን አብሮ ይክተተው፤ ወይም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይቀይረው። ቅርጽ የሆነ ፊደል ፎንት አይፈልግም፤ ግን ማረም አይቻልምና ዋናውን ፋይል ለብቻ ያስቀምጥ። ሌላም ነገር ያጣራ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በወጡት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ ገልብጦ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቅ ሊል ይችላል። እንደገና መተየብ ይሻላል።

የተደፈነው ጽሑፍ ሐምራዊው በሁለት ሦስት ቀለም ድርብርብ ስለታተመ ነው። ድርቡ በጸጉር ስፋት ከተንሸራተተ ቀጭኑ ነጭ ፊደል ይዋጣል። የኛ ፊደል ደግሞ ይህን አይችልም። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ጭረቷ ከተደፈነች ቃሉ ተለወጠ። ደቃቅ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በነጣ መደብ ላይ ይሁን። እኔ በፊደል መጠን ከ9 ነጥብ (ፖይንት) በታች አልወርድም፤ ለአያቶች እንዲሆን 11 ብታደርጉት ደስ ይለኛል። በነጭ መጻፍ ካማራችሁ ወፍራም ፊደልና ትልቅ መጠን ተጠቀሙ። እንደ ላቲን ካፒታል ሌተር የለንም፤ ስለዚህ አንድን ቃል ማጉላት የምንችለው በመጠንና በውፍረት ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልናገር። ፊቱ ላይ «ሙያዊ የተረት አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል። መምህር፣ እርስዎ ከዚህ የተሻለ ቃል አለዎት። ፊቱ ላይ በትልቁ «ተረት ተረት» ይበሉ፤ ሌላ ምንም አይጻፍበት። ልጁ ሲገለብጠው «የላም በረት» ያገኛል። ከዚያ ሥር ስምዎና ስልክዎ ይሁን። ልጁ ለእናቱ፣ እናቱ ለልጁ እያሉ ካርዱን አሥር ጊዜ ሲገለብጡት ይታየኛል።

ጥያቄ፦ ስንት ካርድ ላሳትም? የትስ ላድል? (የፊኛው ሰው)

መልስ፦ መጀመሪያ 100 ብቻ፣ በዲጂታል ማሽን። ኦፍሴት የሚባለው ማሽን ብዙ ሲታተም የአንዱ ካርድ ዋጋ ይረክሳል፤ ግን ፕሌት፣ ማለትም ሥዕሉን የያዘ የማተሚያ ሰሌዳ፣ ስለሚሠራለት ለትንሽ ቁጥር አያዋጣም። በመቶው ላይ የሚሳሳቱትን ሁሉ ተሳስተው ይጨርሱ፤ ብዙውን ከዚያ በኋላ ያሳትሙ። ጀርባው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ምልክት ያድርጉ። ለትምህርት ቤት የሰጡት «ሀ»፣ ለመጻሕፍት መደብር የሰጡት «ለ»፣ ከትርኢት በኋላ የሰጡት «ሐ»። የሚደውልልዎትን ሰው «ካርዱ ላይ የትኛው ፊደል አለ?» ብለው ይጠይቁት። ሁለት ወር ሳይሞላ የት ማደል እንዳለብዎ ያውቃሉ። ከትርኢት በኋላ ሲያድሉ ደግሞ ካርዱን ከፊኛው ክር ጋር ይሰሩት። ፊኛው ሲተነፍስ ካርዱ ልጁ እጅ ላይ ይቀራል።